የሞተር ለውጥና የመድን ውል፦ ባለንብረቱ ምን፣ መቼና ለማን ማሳወቅ አለበት?

በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች አንድ የጭነት አይሱዙ ወይም አንድ ሚኒባስ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ ሆኖ አይታይም። የበርበሬ፣ የጫትና የባሕር ዛፍ ሽያጭ፣ የእቁብ ዕጣ፣ አዲስ አበባ የሚነግድ ወንድም የላከው ገንዘብ፣ አንዳንዴም የባንክ ብድር ተደማምሮ የሚገዛ ሀብት ነው። ሞተሩ ሲደክም ቤተሰቡ የሚመክረው ተሽከርካሪውን ስለ መሸጥ ሳይሆን ሞተሩን ስለ መቀየር ነው። መካኒኩ ይጠየቃል፤ ዋጋ ይጠናል፤ ሞተሩ ከአዲስ አበባ ይመጣና ይገጠማል። በዚህ ሁሉ ምክክር መሐል ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ባለጉዳይ አለ፤ ለተሽከርካሪው ዋስትና የሰጠው የመድን ድርጅት።

ሞተር ሲቀየር ወይም ጉልበቱ እንዲጨምር ሲደረግ ለመድን ድርጅቱ ማሳወቅ ይገባል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ይገባል፤ በጽሑፍ፤ ተሽከርካሪው ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት። ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚፈልገው ለምን እንደሚገባ፣ የትኛው ለውጥ ማሳወቅን እንደሚጠይቅና ያላሳወቀ ሰው ምን እንደሚያጣ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አንገብጋቢ ሆኗል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የተሽከርካሪና የመለዋወጫ ዋጋ በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ባለንብረቱ በእጁ ያለውን አሮጌ ተሽከርካሪ ዕድሜ ለማራዘም ይገደዳል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በጭነት መኪና ወደ ወልቂጤ የሚጓዝ ያገለገለ ሞተር የዚህ ግዳጅ ውጤት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የመድን ውል በኢትዮጵያ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ከአንቀጽ 654 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የነጋዴዎች፣ የንግድ ማኅበራትና የኪሳራ ክፍሎች ተተክተዋል፤ የመድን ክፍሉ ግን አልተሻረም። እናም ዛሬ በቡታጅራ አንድ ባጃጅ መድን ሲገባ ውሉ የሚዳኘው ከስድሳ ዓመት በላይ ባስቆጠረ ሕግ ነው።

በአንቀጽ 667ና በተከታዮቹ የሰፈረው ሐሳብ በቀላል አነጋገር እንዲህ ነው። መድን የሚገባ ሰው መድን ሰጪው ሥጋቱን ለመመዘን የሚያስፈልገውን፣ እርሱ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ መግለጽ አለበት። ውሉ ከተፈረመ በኋላም ሥጋቱን የሚያከብድ አዲስ ሁኔታ ሲፈጠር መግለጽ አለበት። መለኪያውም ግልጽ ነው፤ መድን ሰጪው ይህን ሁኔታ አስቀድሞ አውቆ ቢሆን ኖሮ ውሉን አይዋዋልም ነበር ወይም ከፍ ያለ አረቦን ይጠይቅ ነበር የሚያሰኝ ከሆነ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ያላሳወቀ ሰው የሚጠብቀው ውጤት እንደ ሐሳቡ ይለያያል። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣበታል፤ የከፈለው አረቦንም አይመለስለትም። በቸልተኝነት ወይም ባለማወቅ ሳይናገር የቀረ ሰው ግን ውሉ አይፈርስበትም፤ ሆኖም ካሳው ይቀነሳል። ቅነሳው የሚሰላው በከፈለው አረቦንና መክፈል በነበረበት አረቦን መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ለምሳሌ በዓመት 30 ሺህ ብር የከፈለ ሰው፣ ለውጡ ቢታወቅ ኖሮ 40 ሺህ ብር ሊከፍል ይገባው ነበር እንበል። 800 ሺህ ብር የሚያወጣ ጉዳት ቢደርስበት ሦስት አራተኛው፣ ማለትም 600 ሺህ ብር ብቻ ይከፈለዋል። 10 ሺህ ብር ያተረፈ መስሎት የነበረው ሰው 200 ሺህ ብር ከኪሱ ያወጣል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ ስሌቱ ግን የሕጉ ነው።

እዚህ ላይ በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች የሚሰጡት ምክር አንዳንዴ ያሳስታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ ለግል ጉዳዩ መድን የሚገባ ሰው ሳይጠየቅ በፈቃዱ ሁሉን እንዲናገር የነበረበትን ግዴታ አንስቶ፣ ለሚጠየቀው ጥያቄ በጥንቃቄና በእውነት መመለስን በቂ አድርጎታል። በዚያ አገር «አልጠየቁኝም» ማለት ሊያስኬድ ይችላል። በእኛ ሕግ ግን የመግለጽ ሸክም በባለንብረቱ ትከሻ ላይ ነው። የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ ስለ ሞተሩ አለመጠየቁ ብቻውን መከራከሪያ አይሆንም።

ጥገና ነው ወይስ ለውጥ?

በጋራዥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ለመድን ድርጅት አይነገርም። ዘይትና ማጣሪያ መቀየር፣ ጋስኬት ማደስ፣ ፍሪሲዮን ማስቀየር፣ ራዲያተር ማስበየድ የተሽከርካሪውን ማንነትም ሆነ ሥጋቱን አይለውጡም። ሞተር ወርዶ ፒስተኑና ሸክላው ቢታደስም፣ ብሎኩ ያው የቀድሞው ከሆነ ነገሩ ጥገና ነው።

ብሎኩ ሲቀየር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሞተር ቁጥር የሚታተመው በብሎኩ ላይ ነው። መካኒኩ «ጥገና ነው፣ ብሎክ ብቻ ነው የቀየርኩት» ቢልም በሕግና በመድን ዓይን ተሽከርካሪው አዲስ ሞተር ይዟል። በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥርና በብረቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር መገናኘታቸው አብቅቷል። የመድን ፖሊሲውም ተሽከርካሪውን የሚያውቀው በሰሌዳ፣ በሻንሲና በሞተር ቁጥር ነው። አደጋ ሲደርስ የድርጅቱ መርማሪ መጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቁጥር ነው። ስለዚህ የተገጠመው ሞተር ከቀድሞው ጋር በዓይነትና በጉልበት አንድ ቢሆን እንኳ ቁጥሩን ማሳወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ለውጥ በአረቦኑ ላይ የሚያመጣው ነገር ብዙ ጊዜ የለም፤ ዝም ማለት የሚያመጣው ጥርጣሬ ግን ካሳውን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ጣጣ ለመዳን የአዲሱን ብሎክ ቁጥር አስፍቀው የአሮጌውን ቁጥር ያስመታሉ። ይህ በምንም መልኩ ሊደረግ አይገባም። በሰነድና በመለያ ላይ የሚፈጸም ማታለል ወንጀል ነው፤ የመድን ውሉንም ሆን ተብሎ ወደሚደረግ ማጭበርበር ያስገባዋል። ቁጥሩን በሐቅ ቢያሳውቅ ምንም የማይደርስበት ሰው በፋቀው ቁጥር ምክንያት በተሰረቀ ንብረት ሊጠረጠር ይችላል።

ከሞተር ቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው የሞተሩ ዓይነት ነው። በአገራችን እጅግ የተለመደው የቤንዚን ሞተርን አውጥቶ የናፍጣ ሞተር መግጠም ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ለውጡ በሞተሩ ላይ ብቻ አይቆምም። የናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ስለሆነ የፊት ባሌስትራና እገዳው ካልተጠናከረ መሪው ይከብዳል፣ ጎማውም ሳይታሰብ ያልቃል። ከዚህ ይልቅ አደገኛው ነገር የፍሬኑ ጉዳይ ነው። በቤንዚን መኪና የፍሬን ረዳቱ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ቫኪዩም ነው። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ ቫኪዩም ስለማይፈጥር ራሱን የቻለ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ ፓምፑ በብዙ ሞተሮች ከዲናሞው ጋር ተያይዞ ይገኛል። ሞተሩ ያለዚህ ፓምፕ ከተገጠመ ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥርበታል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ፣ በተከታታይ ቁልቁለት ላይ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሾፌር መንገር አያሻም።

የመድን ድርጅት ስለ ሞተር ለውጥ ለማወቅ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው ተጨማሪ አረቦን ለመሰብሰብ ብቻ የሚነሳ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ልክ ናቸው። ነገር ግን ሲ ሲው ያደገ፣ ቱርቦ የተጨመረበት ወይም የነዳጅ መርጫው መጠን ከፋብሪካው ልክ በላይ የተከፈተ ሞተር በቀድሞው ፍሬን፣ በቀድሞው ማርሽና በቀድሞው ጎማ ላይ ሲቀመጥ የአደጋው ዕድል በእውነት ይጨምራል። በአዳዲሶቹ ተሽከርካሪዎች ላይ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም በመቀየር የሚገኘው ጉልበትም እንዲሁ ነው። ብረት ስላልተነካ ለውጥ የለም ማለት አይቻልም። በንግድ ተሽከርካሪዎች ላይ የተገጠመ የፍጥነት መገደቢያን ማስነሳት ወይም ማበላሸት ደግሞ ከመድን ውል በፊት የትራንስፖርት ደንብን መጣስ ነው።

ጭነቱና አካሉስ?

ሞተር ብቻውን የሚቀየርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጉልበት የተጨመረለት አይሱዙ ባሌስትራ ይጨመርለታል፤ ስፖንዳው ከፍ ይደረጋል፤ አንዳንዴም ሻንሲው ይረዝማል። ዓላማው አንድ ነው፤ በበርበሬ ወቅት ከማረቆና ከመስቃን አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚወጣውን ኩንታል ማብዛት። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም ግን ባሌስትራ በመጨመር አያድግም። ተሽከርካሪው ከተፈቀደለት በላይ ጭኖ ቢገለበጥ አብዛኞቹ ሙሉ ሽፋን የሚሰጡ ፖሊሲዎች ከመጠን በላይ ጭነትን ከሽፋን ውጭ ስለሚያደርጉ፣ ሞተሩን በደንብ ያሳወቀ ባለንብረት እንኳ በዚህ በኩል ሊሸነፍ ይችላል።

ቅጥቅጥ የምንለው ተሽከርካሪ ራሱ የለውጥ ልጅ ነው፤ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ የተሠራ የሕዝብ ማመላለሻ አካል። ቅጥቅጥ ሆኖ ተመዝግቦ፣ ተመርምሮና መድን ገብቶ የሚሠራው ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው በጭነት መኪናነት መድን የተገባለት ተሽከርካሪ በገበያ ቀን ወይም በመስቀልና በአረፋ ሰሞን ሰው ሲጭን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤት የሚጎርፈው መንገደኛ በዚያ ሰሞን መጓጓዣ ስለሚያጣ ፈተናው ከባድ መሆኑ አይካድም። ይሁንና የአገልግሎት ዓይነት በፖሊሲው ላይ በግልጽ የሚጻፍ ነገር ነው። ኮድ 2 የሆነ የቤት መኪናን በክፍያ ሰው ማመላለስ፣ ወይም በባጃጅ ከሾፌሩ ጎን መቀመጫ ጨምሮ ከተፈቀደው በላይ ሰው መጫን ሞተር የመቀየርን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ውሉን ያናጋል።

ትራክተር ወይም የመስኖ ውኃ ፓምፕ መድን ያስገባ አርሶ አደርም ሞተሩን በሌላ ሲተካ ይኸው ደንብ ይመለከተዋል።

የሦስተኛ ወገን መድን

«እኔ የገባሁት የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አይመለከተኝም» የሚል አስተያየት በሁለቱም ከተሞች ይሰማል። በከፊል እውነት አለው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ ሆኖ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተተካው የተጎጂውን መብት ለመጠበቅ ነው እንጂ የባለንብረቱን መኪና ለመጠገን አይደለም። በመንገድ ላይ የተጎዳ እግረኛ ስለ ሞተሩ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ባለንብረቱና መድን ሰጪው በመካከላቸው ባለ ክርክር እርሱ እንዲጎዳ አይፈለግም።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ባለንብረቱን ነፃ አይተዉትም። አንደኛው፣ መድን ሰጪው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ የውል ግዴታውን ያልጠበቀውን ባለንብረት በውሉ መሠረት መልሶ ሊጠይቅ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ግዴታው የሚሸፍነው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ መሆኑ ነው። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100 ሺህ ብር ነበር። አሁን የሚሠራበትን መጠን ፖሊሲው ሲታደስ መጠየቅ ይገባል። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት ወደ ባለንብረቱ ይመጣል። ይህ አንቀጽ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሾፌር ቀጥሮ እርሱ ቤቱ የተቀመጠ ባለንብረትም ከዚህ አይወጣም።

እንዴት ይነገራል?

ሥራው ከሞተሩ ግዢ ይጀምራል። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ የሻጩ ደረሰኝ፣ ሞተሩ በቀጥታ ከውጭ የመጣ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ከሌላ ተሽከርካሪ የወጣ ከሆነም የዚያ ተሽከርካሪ ባለቤትነት ሰነድና የሽያጭ ውል አብሮ መያዝ አለበት። ሰነድ የሌለው ሞተር በዋጋ ይረክሳል፤ ሆኖም በሊብሬ ላይ ማስመዝገብ ስለማይቻል ርካሽነቱ እስከ መጀመሪያው ምርመራ ድረስ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ነው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የተሽከርካሪ መረጃ በመዝገብ ይያዛል፤ በመዝገብ የሰፈረ ነገር ሲለወጥም መዝገቡ መታረም አለበት። በወልቂጤና በቡታጅራ ከሚንቀሳቀሱት ተሽከርካሪዎች መካከል ፋይላቸው በአዲስ አበባ ወይም በኦሮሚያ የሚገኝ ጥቂት አይደሉም። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት በደቡብ ክልል የተመዘገቡም አሉ። ጥያቄው የሚቀርበው ተሽከርካሪው ለሚሠራበት ከተማ ሳይሆን ፋይሉ ላለበት ጽሕፈት ቤት መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት የከንቱ ምልልስን ያስቀራል።

ለመድን ድርጅቱ የሚጻፈው ደብዳቤ ረጅም መሆን የለበትም። የፖሊሲውን ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የቀድሞውንና የአዲሱን ሞተር ቁጥር፣ የሞተሩን ዓይነት፣ ሲ ሲውንና ነዳጁን፣ ሥራውን የሠራውን ጋራዥና ቀኑን መጥቀስ በቂ ነው። ከፍሬን፣ ከማርሽ ወይም ከባሌስትራ ጋር የተያያዘ ሌላ ሥራ ካለም አብሮ ይጻፋል። ዋናው ነገር ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ተዘጋጅቶ አንዱ ላይ ድርጅቱ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም ማስደረግ ነው። ፖሊሲውን ለሸጠ ወኪል በስልክ መናገር፣ ወይም ቡና እየጠጡ መንገር እንደ ማሳወቅ አይቆጠርም ባይባልም ከአደጋ በኋላ ማስረጃ ሆኖ ለመቅረብ አይበቃም። ወኪል ይለወጣል፤ ይረሳል፤ ለድርጅቱ ላያስተላልፍም ይችላል።

ድርጅቱ ለውጡን ሲቀበል ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ ማሻሻያ፣ በመድን ሰዎች አነጋገር ኢንዶርስመንት፣ ይሰጣል። ይህ ወረቀት እጅ እስኪገባ ድረስ ነገሩ አልተቋጨም። ድርጅቱ ተሽከርካሪውን በባለሙያ ለማየት ሊጠይቅ፣ ተጨማሪ አረቦን ሊያስከፍል፣ አልፎ አልፎም ሥጋቱን አልቀበልም ሊል ይችላል። አልቀበልም ማለቱ ባለንብረቱን ቢያስከፋውም ከአደጋ በኋላ «አናውቅም» ከመባል ይሻላል፤ ሌላ መድን ሰጪ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣልና።

እዚህ ላይ ብዙ ባለንብረቶች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍ የመድን ድርጅቱ ለውጡን አውቋል ማለት አይደለም። መዝጋቢው መሥሪያ ቤትና መድን ሰጪው ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ አንዱ ያወቀውን ሌላው ያውቃል ተብሎ አይገመትም። ቦሎ ለመውሰድ የሦስተኛ ወገን መድን ማሳየት ስለሚጠየቅ ሁለቱ የተገናኙ ይመስላል እንጂ የሞተሩ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ አይተላለፍም። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው፤ ለመድን ድርጅት መንገር ሊብሬውን አያስተካክልም።

የቋንቋም ነገር አለ። የፕሮፖዛል ቅጹና ፖሊሲው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቅጹን የሚሞላው ወኪሉ፣ የሚፈርመው ባለንብረቱ ነው። «ተሽከርካሪው ከፋብሪካ ከወጣበት ሁኔታ ተለውጧል ወይ?» ለሚል ጥያቄ ወኪሉ በልማድ «የለም» ብሎ ቢሞላ መልሱ የፈራሚው ነው። የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ አስነግሮ፣ ከዚያ መፈረም አያሳፍርም።

ብድር፣ ሽያጭና የመድኑ ዋጋ

ተሽከርካሪው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ነገሩ ሦስተኛ ባለጉዳይ ይጨምራል። ባንኩ ሊብሬውን ይይዛል፤ በፖሊሲውም ላይ ጥቅሙ ተመዝግቦ ካሳ ሲከፈል ቅድሚያ ይኖረዋል። ሞተሩ ለባንኩ ሳይነገር ቢቀየር መያዣው የተለወጠ ነውና የብድር ውሉም ሊነካ ይችላል። መኪናው በአደጋ ወድሞ ካሳው በተቀነሰ ጊዜ የባንኩ ዕዳ አይቀነስም። ቀሪውን ወርሃዊ ክፍያ የሌለ መኪና እያሰቡ መክፈል እንደሚመጣ ብዙዎች የሚረዱት ዘግይተው ነው።

ያገለገለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰውም ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ቁጥር በባትሪ ብርሃን ማንበብና ከሊብሬው ጋር ማስተያየት አለበት። ሻጩ ያልተናገረው ለውጥ ለገዢው ይተርፋል። ገዢው በስሙ መድን ሲገባ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው የተገለበጠ እንጂ ከብረቱ የተነበበ ስለማይሆን ስሕተቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይወርሳል።

የዋጋ ጉዳይም ከሞተሩ ጋር ይነሳል። ጥሩ ሞተር የተገጠመለት ተሽከርካሪ ዋጋው ይጨምራል፤ ባለፉት ዓመታት የታየው የዋጋ ንረት ሲታከልበት በፖሊሲው ላይ የተጻፈው ዋጋና የገበያው ዋጋ ሰፊ ልዩነት ይኖራቸዋል። ሦስት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በሁለት ሚሊዮን ብር መድን ተገብቶለት ከሆነ ባለንብረቱ ለቀሪው አንድ ሦስተኛ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ 600 ሺህ ብር የሚፈጅ ከፊል ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 400 ሺህ ብር ነው። ብዙ ሰው ይህ የሚሠራው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ ይመስለዋል፤ አይደለም። ሞተሩን በሚያሳውቅበት ደብዳቤ ላይ ዋጋው እንዲሻሻል መጠየቅ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል።

ክርክር ቢነሳስ?

የመድን ድርጅቱ ካሳ ሲከለክል ወይም ሲቀንስ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። «ሞተሩ ተቀይሯል» የሚለው ብቻ በቂ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ለውጡ በእርግጥ ሥጋቱን ጨምሯል ወይ፣ ቢነገር ኖሮ አረቦኑ ስንት ይሆን ነበር፣ ዝምታው ሆን ተብሎ ነው ወይስ በቸልተኝነት የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ። ሞተሩ በተመሳሳይ ሞተር የተተካ፣ አደጋውም የቆመ መኪና በሌላ ተሽከርካሪ ተመትቶ የደረሰ ከሆነ ባለንብረቱ ጠንካራ መከራከሪያ አለው። ጉዳዩ በቅርንጫፉ ካልተፈታ ለዋና መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። የመድን ድርጅቶች ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ፖሊሲው የግልግል ዳኝነትን የሚያስቀድም አንቀጽ ካለው ያ ይታያል፤ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ የይርጋ ጊዜው ሁለት ዓመት ሲሆን የሚቆጠረውም አደጋው ከደረሰበት ወይም መድረሱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። በሽማግሌና በደጅ ጥናት እየተመላለሱ ያለ ጽሑፍ የሚያልፉት ወራት ከዚሁ ላይ ይቀነሳሉ። ሽምግልናው በጎን ይቀጥል፤ የጽሑፍ ጥያቄው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ገብቶ፣ ማኅተም ያለበት ኮፒው ከሊብሬው ግልባጭ፣ ከሞተሩ ደረሰኝና ከኢንዶርስመንቱ ጋር በአንድ አቃፊ ይቀመጥ። አቃፊው በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በቤት ቢሆን ይመረጣል፤ መኪናው ቢቃጠል ማስረጃውም አብሮ እንዳይቃጠል።